ላፕቶፑ ነው ወይስ መስመሩ? የዋይፋይ ካርድ አቀያየር እና ለቀርፋፋ ኢንተርኔት መላ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ ቤት መጣች። ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ ዩዝድ ተገዝቶ እስከ ዛሬ ያላሳፈራት ማሽን። ችግሯ ማታ ማታ ነው። የኦንላይን ክፍል ስትገባ የአስተማሪው ድምፅ ይቆራረጣል፣ ምስሉ ይደርቃል፣ ያቺ ክብ ነገር ዝም ብላ ትዞራለች። ስልኳ ግን እዚያው ክፍል፣ በዚያው ዋይፋይ ደህና ይሠራል። «ጋሼ፣ ኢንተርኔቱን ከፍ ወዳለ ጥቅል እናሳድገው እንዴ?» አለችኝ።

አላሳደግነውም። የላፕቶፑን ዋይፋይ ካርድ ቀየርንና ችግሩ ተፈታ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ግን ካርዱን ከመግዛታችን በፊት ያደረግነውን ነገር ብዙ ሰው ስለሚዘለው ነው። እሱም መለካት ነው። ኢንተርኔት ላፕቶፓችሁ ጋ ለመድረስ ሁለት መንገድ ያልፋል። አንዱ ከውጭ እስከ ራውተሩ የሚመጣው መስመር ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ በአየር ላይ የሚያልፈው ነው። አዲስ ካርድ የሚያድነው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የፊተኛው ከታመመ ምንም ዓይነት ካርድ ብትገጥሙ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ብራችሁም ይባክናል።

መጀመሪያ መለካት

አንድ የኔትወርክ ገመድ ፈልጉ። ቤት ከሌለ ከጎረቤት ተዋሱ። ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙት፣ የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ፣ ቤተሰቡ ለ5 ደቂቃ ስልኩን ከዋይፋይ እንዲያወጣ ለምኑ። ከዚያ ስፒድቴስት ወይም ፋስት ከሚባሉት ገጾች አንዱን ከፍታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ቀጥሎ ገመዱን ንቀሉና እዚያው ራውተሩ ሥር ሆናችሁ በዋይፋይ ለኩ። በመጨረሻ ዘወትር ወደምትሠሩበት ክፍል ሄዳችሁ ድገሙት።

አሁን ሦስት ቁጥር አላችሁ። በገመድም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ መስመሩ ነው፤ ካርድ መግዛቱን ተዉትና ስለ መስመሩ ወደጻፍኩት ወደ መጨረሻው ክፍል እለፉ። በገመድ ደህና፣ ራውተሩ ሥርም ደህና ሆኖ ክፍላችሁ ውስጥ ከወደቀ ጥፋቱ የርቀት እና የግድግዳ ነው፤ መጀመሪያ የራውተሩን ቦታ ቀይሩ። በገመድ ደህና ሆኖ፣ ራውተሩ ሥር ተቀምጣችሁም ላፕቶፑ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ ስልካችሁ ደግሞ እዚያው የማይቸገር ከሆነ፣ ያኔ ካርዱን ጠርጥሩ።

ድምፅ ለሚቆራረጥባችሁ ሰዎች ከፍጥነት መለኪያው ይልቅ ፒንግ (መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ የሚለካው ትእዛዝ) የተሻለ ይናገራል። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ping ብላችሁ ጻፉ፣ አንድ ክፍት ቦታ ተዉና የራውተራችሁን አድራሻ አስከትሉ። አድራሻው ከራውተሩ ጀርባ ስቲከሩ ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። ይህ ከውጭው መስመር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የሚለካው ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለውን ብቻ ነው። ደህና ዋይፋይ ላይ መልሱ ከጥቂት ሚሊሰከንድ አይበልጥም። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ግን 3፣ 4፣ 180፣ 412 አለና በመካከሉ «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» ብሎ ዝም አለ። ራውተሩ ከእሷ 6 እርምጃ ነው ያለው። ያን ሳይ ጥቅሉን ማሳደግ እንደማይረዳት እርግጠኛ ሆንኩ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። የጥቅል ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል ስታወርዱ የምታዩት ግን ሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 5 ሜጋ የሚባለው መስመር በሰከንድ 0.6 ሜጋባይት ገደማ ያወርዳል። 1 ጊጋ ፋይል 27 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል ማለት ነው። ይህን ካገኛችሁ መስመሩ የተባለውን እየሰጠ ነው።

ኢንተርኔት የሚመስል ግን ያልሆነ ችግርም አለ። ገጽ ሲከፈት ላፕቶፑ ራሱ እየታገለ ሊሆን ይችላል። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተቸክሎ ካገኛችሁት መፍትሔው ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ነው፣ ዋይፋይ ካርድ አይደለም። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ባለው ላፕቶፕ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው።

ካርዱ ለምን ይቸገራል?

ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ስታዩ ላፕቶፑ ከራውተሩ ጋር በስንት ሜጋቢት እንደሚነጋገርና በየትኛው ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ላይ እንዳለ ይጻፋል። የእሷ 72 ሜጋቢት፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ይላል። መስመራቸው 5 ሜጋ ነው። 72 ከ5 በእጅጉ ይበልጣል፤ ታዲያ ካርዱ ምን አጠፋ?

ያጠፋው ባንዱ ላይ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 3 ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ 2 ሰዓት ላይ የዋይፋይ ዝርዝሩን ክፈቱ። የላይኛው ቤት፣ የታችኛው፣ የፊት ለፊቱ ብሎክ፣ ሁሉም በእነዚያ 3 ቻናሎች ላይ ተጋፍቷል። ዋይፋይ ደግሞ ተራ ይጠብቃል። በአንድ ቻናል ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ብሉቱዝም፣ ማይክሮዌቭም እዚያው ሰፈር ናቸው። ስልኳ ያመለጠው 5 ጊጋኸርዝ ስለሚችል ነው። ላፕቶፑ ላይ የነበረው ካርድ 2.4 ብቻ የሚያውቅ፣ ባለ አንድ አንቴና ነበር።

ስለዚህ ልባችሁ እንዳይሰበር ልንገራችሁ። አዲስ ካርድ 5 ሜጋውን 10 አያደርገውም። የሚያደርገው የተከፈለበት 5 ሜጋ ሳይቆራረጥ እንዲደርስ ነው። ራውተራችሁ ራሱ 5 ጊጋኸርዝ ከሌለው ደግሞ ጥቅሙ በጣም ያንሳል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡን ራውተሩ ላይ አውሉት።

የሚገጥመውን ካርድ መለየት

ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለው ሥር የአሁኑ ካርድ ስም አለ። ከዚያ የላፕቶፓችሁን ሞዴል ይዛችሁ የቀዳዳውን ዓይነት አጣሩ። እ.ኤ.አ. እስከ 2013 አካባቢ የወጡት በአብዛኛው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ 30 በ26.8 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ኤም.2 ናቸው፤ 2230 የሚባለው መጠን 22 በ30 ሚሊሜትር ነው፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሁለቱ አይለዋወጡም። የአንቴና ጫፋቸውም ይለያያል፤ የኤም.2ው በጣም ያነሰ ነው።

ለሚኒ ፒሲአይ ላፕቶፕ እኔ የምመርጠው ኢንቴል 7260ን ነው። ሁለት አንቴና፣ ሁለቱንም ባንድ፣ እስከ 867 ሜጋቢት። ስትገዙ የሚኒ ፒሲአይውን ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ያው 7260 በኤም.2 ቅርፅም ተሠርቷል። ለኤም.2 ላፕቶፕ ኢንቴል 8265፣ 9260 ወይም ኤኤክስ 200 ጥሩ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኤኤክስ 201፣ ኤኤክስ 211 እና 9560 የሚባሉት በመልክ ያው ናቸው፣ ቀዳዳውም ውስጥ ይገባሉ፣ ግን የሚሠሩት ለእነሱ ተብሎ በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ብቻ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሞተው ይቀራሉ። ኤኤክስ ካለው በመጨረሻው ቁጥር ለዩት፤ 0 ከሆነ ይሆናል፣ 1 ከሆነ ተዉት።

ሁለተኛው ወጥመድ የከፋ ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ባዮሳቸው (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አላቸው። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ካርድ ሲገጠም ማሽኑ ጭራሽ አይነሳም። የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430 እና ኤክስ230 እንዲህ ናቸው፤ 1802 የሚል ስህተት አውጥተው ይቆማሉ። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ የኤችፒ ላፕቶፖችም 104 ብለው ይቆማሉ። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የድሮውን ካርድ ስትመልሱ ይነሳል። ግን ገንዘባችሁ ሄደ። ስለዚህ ለእነዚህ ላፕቶፖች ከራሳቸው ፋብሪካ የመለዋወጫ ቁጥር ያለውን ካርድ ፈልጉ። ለቲ430 ለምሳሌ የሌኖቮ ቁጥር የተለጠፈበት ኢንቴል 6205 ይሆናል። ፍጥነቱ 300 ሜጋቢት ነው፣ 5 ጊጋኸርዝ ይይዛል፣ ለእኛ መስመር ከበቂ በላይ ነው። በከፈትኳቸው የዴል ላቲቲዩዶች ላይ ይህ ገደብ አልገጠመኝም።

ካርዱን መርካቶ ወይም መገናኛ አካባቢ ላፕቶፕ የሚጠግኑ ልጆች ጋ ከተፈቱ ማሽኖች ወጥቶ ታገኙታላችሁ። የሱቁን ቃል ሳይሆን የካርዱን ስቲከር አንብቡ። እኔ አንድ ጊዜ «7260 ነው» ተብዬ ሳላነበው ይዤ ሄድኩ፤ ቤት ስደርስ 2.4 ብቻ የሚያውቅ ሌላ ካርድ ሆኖ ተገኘ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁም ትልቅ ዕድል ነው። ካርዱ ፖስታ ውስጥ የሚገባ፣ ሻንጣ የማይከብድ ዕቃ ነው። ሞዴሉን በጽሑፍ ላኩለት፤ በስልክ ብቻ ከነገራችሁት 200 እና 201 ይምታቱበታል።

ላፕቶፕ መክፈት የማትፈልጉ ወይም ባዮሱ የሚከለክላችሁ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ባለ ሁለት ባንድ አዳፕተር አለ። ጥፍር የሚያህሉት ርካሾቹ አብዛኞቹ 2.4 ብቻ ስለሆኑ ማሸጊያው ላይ 5 ጊጋኸርዝ የሚል መኖሩን እዩ። ጠረጴዛችሁ ቋሚ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው ገመድ ነው። እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነት ሳይጥል ይሄዳል፣ ጎረቤት አይጋፋውም። እኔ ራሴ ሥራ የምሠራው በገመድ ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት

የአዲሱን ካርድ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አሁኑኑ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ካርዱን ከቀየራችሁ በኋላ ኢንተርኔት ላይኖራችሁ ይችላል። ዊንዶውስ 10 ብዙዎቹን የኢንቴል ካርዶች በራሱ ያውቃል፤ ዊንዶውስ 7 ግን ድራይቨሩ ያስፈልገዋል፣ ለኤኤክስ 200 ደግሞ ኢንቴል ለዊንዶውስ 7 ድራይቨር አላወጣም። ሊነክስ የምትጠቀሙ ከሆነ የኢንቴል ካርድ ከብሮድኮም ይልቅ ያሳርፋችኋል።

ትንሽ የኮከብ ካቻቪቴ፣ ብሎን ማስቀመጫ ክዳን፣ ያረጀ የባንክ ካርድ እና ጥሩ ብርሃን አዘጋጁ። ምንጣፍ ላይ አትሥሩ። የሱፍ ሹራብ አውልቁ። ከመጀመራችሁ በፊት እና በየመሃሉ አንድ ያልተቀባ ብረት ነካ አድርጉ፤ ሰውነታችሁ ላይ የተጠራቀመው ስታቲክ ካርዱን ሊያቃጥለው ይችላል።

መክፈት እና መቀየር

ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ዝጉት፤ ማስተኛት አይበቃም። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ የቀረችው ኃይል ትፈስሳለች። ባትሪው ውስጥ የተቀበረ ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑን እንደከፈታችሁ በመጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ላይ አላቅቁ።

ኢ6430 ላይ የታችኛው ክዳን ሲነሳ ካርዱ ፊት ለፊት ይታያል። ቲ430 ላይ ግን ኪቦርዱን እና የእጅ ማሳረፊያውን ማንሳት ይጠይቃል። የራሳችሁን ሞዴል የአገልግሎት መመሪያ ከአምራቹ ገጽ አውርዱ፤ ዴልም ኤችፒም ሌኖቮም በነጻ ያስቀምጡታል። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ክዳኑ ላይ ደርድሩ፤ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ማዘርቦርድ ይበሳል።

ካርዱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ገመዶች ተሰክተው ታያላችሁ። እነዚህ አንቴናዎቹ ናቸው፤ በማጠፊያው አልፈው በስክሪኑ ዙሪያ ይወጣሉ። ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። የትኛው ቀለም የት እንደነበር ግልጽ ይሁን።

ከዚህ በኋላ ረጋ በሉ። የአንቴናው ጫፍ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ ወርቃማ፣ ክብ ነገር ነው። ገመዱን ይዛችሁ ወደ ጎን ብትስቡት ገመዱ ከጫፉ ይበጠሳል፤ ያ ከሆነ አንቴናውን በሙሉ መቀየር ነው፣ ስክሪኑን መፍታት ነው። የባንክ ካርዱን ጠርዝ ወይም ጥፍራችሁን ከክቡ ሥር አስገቡ፣ ቀጥታ ወደ ላይ አንሱት። ትንሽ ጠቅ ብሎ ይለቃል። እነዚህ ጫፎች ለ30 ጊዜ ያህል መሰካትና መነቀል ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ ስለዚህ አትጫወቱባቸው።

ካርዱን የያዘውን ብሎን ፍቱ፤ አንዳንዱ ሁለት አለው። ካርዱ በራሱ ወደ ላይ ቀና ይላል። በዚያው አዘንብሎ እያለ ወደ እናንተ ሳቡት። አዲሱንም እንደዚያው በ30 ዲግሪ ገደማ አዘንብላችሁ አስገቡት። ጥርሱ መሃል ያለችው ክፍተት ከቀዳዳው ጋር በአንድ በኩል ብቻ ትገጥማለች፤ እንቢ ካለ አዙሩት እንጂ አትግፉት። ወርቃማው ጥርስ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ወደ ታች ተጫኑትና ብሎኑን እሰሩ።

አሁን አንቴናዎቹ። ዋናው ነጭ፣ ረዳቱ ጥቁር ነው ብዙ ጊዜ፤ ካርዱም ላይ በነጭና በጥቁር ሦስት ማዕዘን ወይም በ1 እና 2 ይጻፋል። ክቡን በክቡ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ በአውራ ጣት ጥፍር ጫን በሉት። ጠቅ የሚል ስሜት ጣታችሁ ላይ ይመጣል። ካልመጣ አልገባም፤ አንሱትና እንደገና አስተካክሉ። በጉልበት ከተጫናችሁት ክቡ ይጨማደዳል። ላፕቶፑ ሦስት ገመድ ኖሮት ካርዱ ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ሦስተኛውን ጫፉን በፕላስተር ጠቅልላችሁ ጎን ላይ አሳርፉት። ብረቱ ማዘርቦርዱን እንዳይነካ።

ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት ባትሪውን መልሳችሁ አንድ ጊዜ አስነሱት። የስህተት ቁጥር ከመጣ እዚያው ታውቁታላችሁ፣ ሁለተኛ ብሎን አትፈቱም።

ከተነሳ በኋላ

ድራይቨሩን ከፍላሹ ጫኑ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ካርዱን ከፍታችሁ «አድቫንስድ» በሚለው ሥር «ፕሪፈርድ ባንድ» የሚለውን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዙሩት። «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ሥር ደግሞ ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዳያጠፋው ምልክቱን አንሱ፤ ዋይፋይ በየመሃሉ የሚጠፋባቸው ላፕቶፖች ብዙዎቹ በዚህች ብቻ ይድናሉ። ካርዱ ጭራሽ ካልታየ የብሉቱዝና የዋይፋይ ማጥፊያው ቁልፍ ተዘግቶ እንደሆነ እዩ፤ ኢ6430 ጎኑ ላይ እንዲህ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ ሥራ ላይ ሳይታወቅ ይነካል።

ያንኑ የፒንግ ልኬት ድገሙ። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ከ1 እስከ 3 ሚሊሰከንድ እያለ ለ10 ደቂቃ አንድም ሳይዘል መለሰ። የፍጥነት መለኪያው እንደ ድሮው 5 ሜጋ ነው ያሳየው። ማታ ግን ክፍሏን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማች።

ሲግናሉ ከበፊቱ ከደከመ አንዱ አንቴና በደንብ አልገባም። ከፍታችሁ ጫን በሉት።

ራውተሩ

ብዙ ቤት ራውተሩ ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሸጉጧል። አውጡት። ከፍ ያለ፣ ክፍት፣ ከቤቱ መሃል የቀረበ ቦታ ይፈልጋል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን የብሎኬት ግድግዳ ይከብደዋል። ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ቆርቆሮ ግድግዳና የብረት በር ዋይፋይን ያግዱታል፤ እዚያ ድረስ ገመድ ጎትቶ ሌላ ራውተር መትከል እንጂ ሲግናል ማባዣ መግዛት ብዙም አይረዳም። ማባዣው የሚያባዛው ያንኑ የደከመውን ነው።

2.4 ላይ መቆየት ካለባችሁ በስልክ ዋይፋይ አናላይዘር አውርዳችሁ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 የትኛው ባዶ እንደሆነ እዩ፣ ራውተሩ ላይ የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ አድርጉ። የይለፍ ቃሉ ዓይነት ደግሞ ደብሊውፒኤ2 በኤኢኤስ ይሁን። ቲኪአይፒ የሚባለው አሮጌ ምርጫ ላይ ከቀረ ፍጥነቱ ከ54 ሜጋቢት አያልፍም፣ አዲስ ካርድ ብትገጥሙም።

መስመሩ ራሱ ቀርፋፋ ሲሆን

እዚህ ላይ ካርድ አይረዳም፣ ግን የሚደረግ ነገር አለ።

ከሁሉ በፊት ማን እየበላው እንደሆነ እወቁ። ሪሶርስ ሞኒተርን ክፈቱና የኔትወርኩን ገጽ እዩ። ዊንዶውስ ማሻሻያ፣ ዋንድራይቭ፣ ጉግል ድራይቭ፣ ቴሌግራም በየመጀመሪያው መስመር ላይ ይገኛሉ። ዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» አድርጉት፤ ዊንዶውስ ትልልቁን ማውረድ ይገታል። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውንም አጥፉ፤ ማሻሻያውን ከእናንተ ወደ ሌላ ሰው የሚልክ ነገር ነው። ቴሌግራም ላይ ሚዲያ በራሱ እንዳይወርድ ከልክሉ፣ ላፕቶፑ ላይም ስልኩ ላይም ለየብቻ።

ፋይል መስቀል (አፕሎድ) ማውረድን እንደሚያንቅ ብዙ ሰው አያውቅም። ስልኩ ፎቶዎቹን ወደ ጉግል ፎቶስ ሲልክ፣ ከቤት ወደ ውጭ የሚልከው መንገድ ጠባብ ስለሆነ ይሞላል። ላፕቶፑ ገጽ ሲጠይቅ «ደረሰኝ» የሚለው መልእክቱ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚህ ማውረዱም ይቆማል። የስልኮቹን ባክአፕ ሌሊት ላይ አድርጉት።

ቪዲዮ ከመስመራችሁ ጋር ይመጣጠን። ዩቲዩብ ላይ 480 ለመደበኛ ትምህርት ይበቃል፣ 1 ሜጋ ገደማ ይወስዳል። 720 ወደ 2.5፣ 1080 ወደ 5 ይሄዳል። ዙም ላይ ካሜራ ስትዘጉ ድምፁ ብቻ ከ100 ኪሎቢት በታች ይበቃዋል። ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለው ብራውዘር ላይ የሚጨመር ነገር ማስታወቂያ ሲያስቀር ገጾቹ በግልጽ ይፈጥናሉ፤ ለቀርፋፋ መስመር ከሱ የሚበልጥ ነጻ ነገር አላየሁም። ዲኤንኤስን (የገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን) ወደ 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 መቀየር የገጹን መጀመሪያ ሊያፋጥን ይችላል፣ ማውረድን ግን አይለውጥም።

ትልቅ ፋይል በብራውዘር አታውርዱ። መብራት ሲጠፋ ካቆመበት የሚቀጥል ዳውንሎድ ማናጀር ተጠቀሙና ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ቅጠሩት። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ሰው ሁሉ የሚገባበት ጊዜ ነው። ደጋግማችሁ የምታነቡትን ደግሞ ቤት አስገቡት። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ አንድ ሰው በአንድ ጥሩ መስመር አውርዶ በፍላሽ ለሰፈር ተማሪ ሁሉ ማካፈል ይችላል። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ ከገዛችሁ የቻርጀሩን ቮልት አንብቡ፤ ብዙው 12 ነው፣ 9 የሆነም አለ።

የስልክ ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ሆትስፖት ከመክፈት በዩኤስቢ ገመድ አገናኙ። ስልኩን መስኮት ላይ አስቀምጡት፣ ላፕቶፑ ባለበት ሁኑ። ግን ተጠንቀቁ፤ ላፕቶፑ በዩኤስቢ የመጣውን እንደ ገመድ መስመር ነው የሚያየው፣ ስለዚህ እሱንም ለብቻው «ሚተርድ» አድርጉት። አለበለዚያ ዊንዶውስ በአንድ ማታ ጥቅሉን ይጨርሰዋል።

በመዳብ መስመር የምትጠቀሙ ሰዎች የቤት ስልኩን አንሱና አድምጡ። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ካለ መስመሩ ተጎድቷል፤ ክረምት ላይ መጋጠሚያው ውስጥ ውሃ ሲገባ እንዲህ ይሆናል። ስልኩን ያለ ስፕሊተር (የስልኩንና የኢንተርኔቱን ሲግናል የሚለየው ትንሽ ሳጥን) ሰክታችሁትም ይሆናል፣ እሱን አስቀድሙ። ፋይበር ከሆነ ቀይ መብራት አለመብራቱን እና ገመዱ የሆነ ቦታ ላይ በጣም አለመታጠፉን እዩ።

ቤት ያለውን ሁሉ ካጣራችሁ በኋላ፣ ለ3 ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በገመድ ለክታችሁ በሰዓቱ ጻፉ። ከዚያ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ 994 ደውሉ። «ኢንተርኔት አልሠራም» አትበሉ። የተከፈለበትን ፍጥነት፣ በገመድ ያገኛችሁትን ቁጥር፣ በስንት ሰዓት እንደወደቀና ስልኩ ላይ የሰማችሁትን ድምፅ ንገሯቸው። ቴክኒሻኑ ሲመጣ ወረቀቱን አሳዩት።